የልብ መጽሐፍ፦ ከአዲስ ዓለም እስከ ፍሪሞንት



ሰው ሲሞት ቤቱ ይጠረጋል። ልብሱ ለተቸገረ ይሰጣል፤ አልጋው ይፈታል፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ይጣላል፤ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ይወጣል። እኛ በምንኖርበት በዚህ አገር ደግሞ የቤት ኪራይ ሐዘንተኛን ስለማይጠብቅ ጠረጋው የፈጠነ ነው። በዚያ ጥድፊያ መካከል ሳናውቀው ከሟች ጋር የምንቀብረው ነገር አለ። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው።

በቅርቡ ፍሪሞንት ውስጥ አንዲት አረጋዊት እናት ዐረፉ። አርባቸው ወጥቶ እንግዳው ሲበተን፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው የልጅ ልጃቸው አንድ የጫማ ካርቶን ታቅፎ ወደ እኔ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ አሥራ አንድ ደብተሮች ነበሩ። አንዳንዱ የአገር ቤት ባለ ሥዕል ደብተር ነው፤ አንዳንዱ ከዚሁ ሱቅ የተገዛ፣ ሽቦው የላላ። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «አያቴ ሁልጊዜ ትጽፍ ነበር። እናቴ ስትከፍተው ታለቅሳለች፣ አታነበውም። እኔ አማርኛ እሰማለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም። ይጣል?»

ልጁ የጠየቀው በክፋት አይደለም። እኛ ፊደሉን ስላላስቆጠርነው ለእሱ ያ ወረቀት ዝም ያለ ወረቀት ነው። «ይጣል?» የምትለዋ ቃል ግን ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልወጣችም። መልስ ለመስጠት ወደ ኋላ መሄድ፣ ብዕር በእናቶቻችን እጅ እንዴት እንደ ገባ መመርመር ግድ ሆነብኝ። ስማቸው እንዳይነሣ ቤተሰቡ ስለ ፈለገ በዚህ ጽሑፍ «የፍሪሞንቷ እናት» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ብዕርና ሴት በአገራችን

ኢትዮጵያ የራሷ ፊደል ያላት ጥንታዊት አገር ናት ብለን እንኮራለን። ኩራቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፊደሉ የማን ነበር? ለብዙ ዘመን ትምህርት የሚሰጠው በቤተ ክህነት ነበር። ዳዊት የደገመ፣ ዜማ የተማረ፣ ቅኔ የዘረፈ ወንድ ልጅ ነው። ከትልልቅ ቤት የተወለዱ ጥቂት ወይዛዝርት፣ ገዳም የገቡ መነኮሳይያትም ይማሩ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ግዕዝ የተማሩ ነበሩ። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ለወንዶች ደቀ መዛሙርት ቅኔ እስከ ማስተማር የደረሱ ሊቅ ናቸው። እነዚህ ግን ጥቂቶች ናቸው። የብዙኋን እናት ታሪክ፣ ለቅሶና ግጥም በቃል ተነግሮ በቃል የቀረ ነው።

ደብዳቤ መላክ የፈለገች ሴት ጸሐፊ ትለምናለች፤ አለዚያም ታስከፍላለች። ደብዳቤ የመጣላትም እንደዚሁ አንባቢ ትፈልጋለች። ስለዚህ የሴቲቱ ምሥጢር ምንጊዜም በሦስተኛ ሰው ጆሮ በኩል ያልፍ ነበር። የፍሪሞንቷ እናት በአንድ ደብተራቸው ላይ ይህንኑ ጽፈውታል፦ «ባለቤቴ ከሥራ አገሩ ደብዳቤ ሲልክልኝ የጎረቤት ልጅ ነበር የሚያነብልኝ። ደስታዬንም ሐዘኔንም ጎረቤት ቀድሞኝ ያውቀው ነበር።» ይህን ያህል አጭርና ይህን ያህል የሚያም አነጋገር በብዙ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

የከንቲባው ልጅ

ይህን ልማድ ከሰበሩት ሴቶች በግንባር ቀደምትነት የሚነሡት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በጥር ወር 1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በወጣትነታቸው በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ፣ የጎንደር ኋላም የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው።

እኛ አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከንቲባ ገብሩን በሌላም ምክንያት ልናስታውሳቸው ይገባል። በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1919) የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የኢትዮጵያ መንግሥት የደስታ መግለጫ መልእክት ይዞ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ቡድን ላከ። መሪው ደጃዝማች ናደው ሲሆኑ፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩም አብረው ነበሩ። ቡድኑ ከፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ጋር ተገናኝቷል። ያን ጊዜ ሕፃኗ ስንዱ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ማናችንም እዚህ ሳንደርስ፣ ቪዛና ስፖንሰር የሚባለው ነገር በቋንቋችን ሳይገባ፣ የስንዱ አባት ይህን ምድር ረግጠው ተመልሰዋል ማለት ነው።

ዓለምን ያየ አባት ልጆቹን አላገደም። ስንዱ በአዲስ አበባ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፣ ከታናሽ እኅታቸው ከየውብዳር ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። የውብዳር ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ታላቂቱ ሥነ ጽሑፍ፣ ታናሽቱ ቫዮሊን ተማሩ። የውብዳር በኋላ መንኩሰው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተባሉትና በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው ናቸው፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። አንድ ቤት ሁለት ሴቶችን፣ አንዷን ለብዕር ሌላዋን ለዜማ፣ አሳድጎ ሰጠን።

ከብዕር ወደ ጦር ሜዳ

ስንዱ ትምህርታቸውን ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሰላሙ ጊዜ ግን አጭር ነበር። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣልያን አገራችንን ወረረ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ድርጅት ተቋቋመ። ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ውጭ አገር የተማሩ ምሁራን የተሰባሰቡበት ማኅበር ነው። በአውሮፓ ሥነ ጽሑፍ የተማሩት ስንዱ ገብሩም ከእነዚህ አርበኞች ጋር ተሰለፉ።

የጥቁር አንበሳ ጦር ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሆኖ እየተዋጋ ከቆየ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከብቦ እጁን ለመስጠት ተገደደ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 12 ደረሰ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረ ማግሥት የተማረ ኢትዮጵያዊ እየተፈለገ ተገደለ፤ ከሞት የተረፉ ብዙ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው ወደ ጣልያን ተጋዙ። የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብም ከሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው በአሲናራ ደሴት ታሰረ። ስንዱም እኅታቸውም ከግዞተኞቹ መካከል ነበሩ።

አሁን ላፍታ ቆም ብለን እናስብ። ዕድሜያቸው ሃያ አንድ ዓመት ነው። ወገን አልቋል፤ አገር ተይዟል፤ ቤት የለም። በባሕር ተከበው የሚጠብቁት ነገር መኖሩ እንኳ አይታወቅም። ስደትን የምናውቅ እኛ ይህን ለመገመት ብዙ አያስቸግረንም። ካርቱም ወይም ናይሮቢ ወይም ሮም ተቀምጦ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ያደረ ሰው በመካከላችን ሞልቷል። ልዩነቱ፣ ስንዱ ያዩትን በልባቸው ይዘው ቆይተው በኋላ በወረቀት ላይ ማሳረፋቸው ነው።

«የልቤ መጽሐፍ»

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ማስተማሩ ሥራ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1931 በተከፈተው በእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። በዚያ ትምህርት ቤት ያለፉ ልጃገረዶች በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሆስፒታሉ፣ በየትምህርት ቤቱ የገቡ የመጀመሪያ ትውልድ ናቸው። ዳይሬክተሯ አስተዳዳሪ ብቻ አልነበሩም። ተማሪዎቹ የሚጫወቱት ተውኔት ይጽፉ ነበር። ሴት ልጅ በሰው ፊት ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገሯ ነውር በሚባልበት ዘመን፣ ቃል ጽፎ ሰጥቶ «ውጪና ተናገሪ» ማለት ቀላል ሥራ አይደለም።

በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለው ድርሰታቸው ታተመ። ግጥምና ተውኔት የያዘ ነው። በዚህም ወይዘሮ ስንዱ መጽሐፍ ካሳተሙት የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሴት ደራሲያን አንዷ ሆኑ። የመጽሐፉን ስም ልብ በሉልኝ። የነገሥታት ታሪክ አላሉትም፤ የምክር መጽሐፍም አላሉትም። የልቤ መጽሐፍ አሉት። በዚያ ዘመን የሴት ልብ መጽሐፍ ይወጣዋል ብሎ ያሰበ ስንት ሰው ነበር?

ከዚያም በኋላ ብዕራቸው ያደረሳቸው ቦታ ሰፊ ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ ከፈቀደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ። በኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ስንዱን ያስተማረችው ስዊዘርላንድ ለራሷ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ተማሪዪቱ አስተማሪዪቱን አገር በአሥራ አራት ዓመት ቀደመች ማለት ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ንጉሡን፣ ጣልያንን፣ ነጻነትን፣ አብዮትን፣ ከአብዮት በኋላ የመጣውንም ሁሉ ያዩ ዕድሜ ነው። ዛሬ ስማቸውን የምናነሣው ባለሥልጣን ስለ ነበሩ ብቻ አይመስለኝም። ብዙ ባለሥልጣን ተረስቷል። እሳቸው ግን ጽፈዋል፤ የጻፉትም ታትሟል፤ የታተመውም ተቀምጧል። የተጻፈ ሰነፍ ሰው እንኳ ሊያነሣው በሚችልበት ቦታ ይቆያል፤ ያልተጻፈ ግን ባለቤቱን ተከትሎ ይሄዳል።

አውራ ጣትና እስክሪፕቶ

አንባቢ «ስንዱማ የከንቲባ ልጅ ናቸው፤ አውሮፓ የተማሩ ናቸው፤ የእኛ እናቶች ምን አገናኛቸው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው እውነት ነው። መነን ትምህርት ቤት ለሁሉም አልደረሰም። በአብዮቱ ዋዜማ ከመቶ ኢትዮጵያውያን መካከል ማንበብና መጻፍ የማይችሉት ከዘጠና ይበልጡ እንደ ነበር ይነገራል። ከእነዚያም መካከል ሴቶች ይበዙ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ስለ ደርግ ብዙ መራራ ነገር የምንናገር ሰዎች እንኳ ይህን ሥራ አንክድም። ተማሪና አስተማሪ ተሰማርቶ በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ፊደል አስቆጠረ። ትምህርቱ በአሥራ አምስት የአገራችን ቋንቋዎች እስከ መሰጠት ደርሷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታበታለች። በግዴታ የተጠራ ነበር፤ ስሙን ላለማስመዝገብ የተደበቀም ነበር። ነገር ግን በግዴታ ገብታ በፍቅር የወጣች እናት ስንት ናት!

የፍሪሞንቷ እናት ከእነዚያ አንዷ ናቸው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተድረው፣ አዲስ አበባ ገብተው ልጆች እያሳደጉ ሳሉ ነበር አብዮቱ የመጣው። ወደ አርባ ዓመት ሲጠጉ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ተመዘገቡ። ከአሥራ አንዱ ደብተሮች የመጀመሪያው የዚያ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸው ብቻ ተጽፏል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች፣ በየመስመሩ። ፊደሉ መጀመሪያ የተንጋደደ ነው፤ እየወረደ ሲሄድ ይቃናል። ከገጹ ግርጌ እንዲህ ይላል፦ «ከዛሬ ጀምሮ አውራ ጣቴን ቀለም አልነክርም።»

በሚቀጥለው ገጽ ላይ ያለውን ሳነብ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። የልጅ ስም ነው። ከሥሩ ቀን፣ ወርና ዓመት አለ፤ ዓመቱ 1970 ዓ.ም. ነው። ከዚያም፦ «ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ወጣ። ቁርሱን አልጨረሰም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑን አልሰጡኝም።» ከዚህ ሌላ ምንም የለም። የተቀረው ገጽ ባዶ ነው።

ቀይ ሽብር ስንት ቤት እንደ ገባ እናውቃለን። ብዙ እናቶች ማልቀስ ተከልክለው ስለ ነበር ዝም አሉ፤ ዝምታውም ለመዱት። እዚህ አገር የምትኖረው ሴት ልጃቸው ወንድሟ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። መሞቱን ታውቃለች፤ ቀኑን አታውቅም። እናቷን ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ እናቷም አንሥተውት አያውቁም። እናቲቱ ግን ስማቸውን መጻፍ በቻሉ ማግሥት የመጀመሪያ ሥራቸው ያን ቀን ማስቀመጥ ነበር። ሌላ ሰው እንዲጽፍላቸው ቢለምኑ ኖሮ በዚያ ዘመን ምን ያመጣባቸው ነበር? ማንን ያምኑ ነበር? ብዕሩ የራሳቸው ስለ ሆነ ብቻ ተጻፈ።

ደብተሩን ለልጅቱ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አሁን ቀኑን አወቅሁት፤ ላስበው እችላለሁ» አለች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሟን መታሰቢያ አደረገች። ውድ አንባቢያን፣ «ይጣል?» የተባለው ካርቶን ይህ ነው።

የባቡሩ መጨረሻ

ሌሎቹ ደብተሮች የፍሪሞንት ናቸው። እናቲቱ እዚህ የመጡት በ1988 ዓ.ም. ልጃቸውን ለማረስ ነበር። ስድስት ወር ቆይቼ እመለሳለሁ ብለው መጥተው እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን ቀሩ። ፍሪሞንት እ.ኤ.አ. በ1956 አምስት ትንንሽ ከተሞች ተጣምረው የመሠረቷት ከተማ ናት። የባርት ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከዚያ ይመጣ ነበር፤ እስከ 2017 ድረስም በዚያ መሥመር የመጨረሻው ጣቢያ ፍሪሞንት ነበረ። እናቲቱ ይህን እንዲህ መዝግበውታል፦ «እዚህ ባቡሩ ያልቃል። የእኔም መንገድ እዚህ አለቀ መሰለኝ።»

በእነዚህ ደብተሮች ውስጥ ለታሪክ ጸሐፊ የሚሆን ብዙ ነገር አለ። የጤፍ ዱቄት ዋጋ በየዓመቱ አለ። ለማን ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተላከ፣ ማን እንደ ደረሰው አለ። በአማርኛ ፊደል የተጻፉ የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ፦ «ኤክስኪዩዝ ሚ፤ ሐው ማች፤ አይ ዶንት ኖው።» የልጅ ልጁ የመጀመሪያ ጥርስ የበቀለበት ቀን አለ። በኤልሳቤጥ ሐይቅ ዳር አግዳሚ ላይ አብረዋቸው ስለሚቀመጡ አንዲት አፍጋናዊት አሮጊት የተጻፈም አለ፦ «እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ የእሷን አላውቅ። እጅ ለእጅ ተያይዘን እንቀመጣለን። እሷም ልጅ ሞቶባታል መሰለኝ።» ፍሪሞንት ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ብዙ አፍጋኖች ከሚኖሩባቸው አንዷ መሆኗን የምታውቁ ይህን ታሪክ ታምኑታላችሁ።

አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ይህ ብቻ አለ፦ «ዛሬ ዝናብ ነው። ልጄ ሥራ ሄዳለች። ሕፃኑ ተኝቷል። እኔ እጽፋለሁ።» ወይዘሮ ስንዱ ለመጽሐፋቸው የሰጡትን ስም ለእነዚህ ደብተሮች ብንሰጣቸው የሚያንሳቸው አይደሉም። አንዷ የከንቲባ ልጅ፣ አንዷ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ፤ ሁለቱም የልባቸውን መጽሐፍ ጽፈዋል። የአንዷ ታተመ፤ የሌላዋ ካርቶን ውስጥ ገባ።

በባሕረ ሰላጤው ግድግዳ ላይ

የጽሑፍ መዳንና መጥፋት በትንሽ ነገር ላይ ይንጠለጠላል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለችውን የኤንጅል ደሴት ብዙዎቻችን ለሽርሽር ሄደንባታል። እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1940 የስደተኞች ማቆያ ነበረች። በተለይ ከቻይና የመጡ ሰዎች ቻይናውያንን በሚያግደው ሕግ ምክንያት ለሳምንታትና ለወራት እዚያ ተይዘው ይመረመሩ ነበር። እነዚያ ሰዎች ናፍቆታቸውንና ቁጣቸውን በእንጨቱ ግድግዳ ላይ በግጥም ቀረጹት።

ማቆያው ተዘግቶ ሕንፃው አረጀ፤ ሊፈርስም ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ የፓርክ ጠባቂ በእጅ ባትሪ ሲዘዋወር በቀለም የተሸፈነውን ጽሑፍ አየ። ማንበብ አይችልም ነበር። ነገር ግን «ይጣል» አላለም፤ የሚያነብ ሰው ፈለገ። በእሱ ጥያቄና በቻይናውያን አሜሪካውያን ጥረት ሕንፃው ዳነ፤ ከሁለት መቶ በላይ ግጥሞች ተመዘገቡ። ዛሬ የትምህርት ቤት ልጆች እየሄዱ ያዩታል። የልጅ ልጃችንና ያ ጠባቂ የቆሙት በአንድ ቦታ ነው፤ ሁለቱም ማንበብ የማይችሉት ጽሑፍ ፊት። እኛ ደግሞ ለልጁ ለጥያቄው መልስ የምንሰጠው ሰዎች ነን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ ያተትሁት ለማስለቀስ አይደለም። በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜ፣ በፍሪሞንት፣ በየአፓርታማው የሚኖሩ እናቶቻችን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በየዓመቱ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የምንሸኛቸው እየበዙ ሄደዋል። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ነገር እናድርግ።

አንደኛ፣ ማንኛውንም የተጻፈ ነገር ሳታነቡ ወይም ሳታስነብቡ አትጣሉ። የአስቤዛ ዝርዝር ይመስላችኋል፤ በጀርባው ምን እንዳለ አታውቁም።

ሁለተኛ፣ በደብተሩ ሽፋን ላይ የማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተጻፈ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉበት። ስም የሌለው ደብተር በሁለተኛው ትውልድ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ገጹን በእጅ ስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ለወንድም ለእኅት፣ አገር ቤት ላለም ላኩት፤ በአንድ ቤት ብቻ ያለ ነገር በአንድ እሳት ይጠፋል።

አራተኛ፣ መጻፍ የማይችሉትን አስወሩአቸውና ቅዱ። ቀድሞ አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችን ድምፃችንን በካሴት ቀርጸን በመንገደኛ እጅ እንልክ የነበረውን አታስታውሱም? እነሱም መልሰው በካሴት ይመርቁን ነበር። ያ ካሴት ዛሬም በየመሳቢያው አለ፤ ቴፑ ሳይበላሽ ወደ አዲሱ መሣሪያ አዛውሩት። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሰዎችን እያናገረ የሕይወት ታሪካቸውን ሲያስቀምጥ ኖሯል። እነሱ የሚያደርጉትን እኛ በገዛ ሳሎናችን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ማድረግ አያቅተንም።

አምስተኛና ዋናው፣ ልጆቻችንን ፊደል እናስቆጥር። መናገር ብቻ አይበቃም። እናቲቱ በአርባ ዓመታቸው ዋዜማ፣ ልጅ ሞቶባቸው፣ ከቤት ሥራ ተርፈው በማታ የተማሩትን ፊደል እኛ ቅዳሜና እሑድ ልጆቻችንን ለማስተማር ጊዜ አጣን ማለት ያሳፍራል።

በመጨረሻም ወደ ልጁ ልመለስ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣል። ከ«ሀ ሁ» ጀምረናል። ትልቅ ሰው ስለ ሆነ ይፍረኛል፤ ሲሳሳት ይስቃል። ባለፈው ሳምንት የአያቱን የመጀመሪያ ደብተር ከፈትሁለትና የመጀመሪያውን ገጽ አሳየሁት። ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደ፣ አንዱን ከሌላው እያጋጠመ፣ ቀስ ብሎ የአያቱን ስም አነበበ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደና እንደገና አነበበው። ገጹን እስኪጨርስ አልተነሣም።

የፍሪሞንቷን እናት ነፍስ ይማር። ያልተከፈተ ደብተር ያላችሁ ዛሬ ማታ ክፈቱት።